መረጃችን ከማሽን ወደ ማሽን ሲሻገር

በ1997 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ቀድሞ በዚያ ደጋማ አገር እምብዛም የማይታወቅ አንድ በሽታ መስፋፋቱ ታወቀ። በሽታው ካላዛር ይባላል፤ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመም የሚገድል ሕመም ነው። በአካባቢው የነበረውን ብቸኛ የካላዛር ሕክምና ማዕከል ያካሂድ የነበረው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ነበር። ከግንቦት 17 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚያ ማዕከል የታከሙት ሰዎች መዝገብ በተመራማሪዎች ተተንትኖ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ።

ከመዝገቡ የተገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ከታካሚዎቹ 6.8 ከመቶ የሚሆኑት ሞተዋል፤ ነገር ግን ሞቱ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕሙማን፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ይልቅ በአምስት እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች ወይም ከፍተኛ የምግብ እጥረት የነበረባቸውም እንዲሁ የበለጠ አደጋ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ፣ ከደጁ ከተሰለፉት መካከል ማንን በልዩ ክትትል ሊይዝ እንደሚገባው ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህን ዕውቀት ያስገኘው አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ መድኃኒት አይደለም። በረድፍ በረድፍ የተጻፈ ዕድሜ፣ ቀን፣ ምልክትና ውጤት ነው። ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ሊነጻጸሩ የሚችሉ ሆነው ባይቆዩ ኖሮ ትንተናው ባልተቻለ ነበር። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ማንኛውንም እንዲህ ያለ መዝገብ የሚመለከት ነው፤ በአንድ ኮምፒዩተር የተጻፈ መዝገብ፣ ዓይነቱ በተለየ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት፣ የተጻፈው ሁሉ እንደ ተጻፈ ይገኛልን?

ብዙዎቻችን ፋይሉ ከተከፈተ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የማይከፈት ፋይል ጉዳቱ ይታወቃል፤ ባለቤቱም መላ ይፈልግለታል። ይልቅ የሚያሠጋው ተከፍቶ በጸጥታ የሚዋሸው ፋይል ነው።

የመረጃ ቋት ምንድን ነው?

ከደብረ ታቦር ወጥቶ በደቡብ ጎንደር ገጠር የተጓዘ ሰው፣ በታረሰ መሬት መካከል እንደ ደሴት የቆሙ ደኖችን ያያል። በየደሴቱ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው።

አንድ የተማሪዎች ቡድን በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ ሥራ ሊሠራ ቢነሣ፣ መረጃውን እንዴት ይመዘግባል? የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ የደኑ ስም፣ ወረዳው፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የዛፉ ስም፣ የግንዱ ውፍረትና የተለካበት ቀን ይጻፋል። በዚህ አሠራር በአንድ ደን ውስጥ አምስት መቶ ዛፍ ቢለካ፣ የዚያ ደን ከፍታ አምስት መቶ ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። ከአምስት መቶው በአንዱ ላይ ቁጥር ቢሳሳት፣ አንዱ ደን ሁለት ከፍታ ያለው ይሆናል።

የመረጃ ቋት፣ በተለምዶ ዳታቤዝ የምንለው፣ ይህን ችግር የሚፈታው መረጃውን በየነገዱ በመለየት ነው። አንድ ሠንጠረዥ ለደኖች፣ ሁለተኛው ለዝርያዎች፣ ሦስተኛው ለልኬቶች ይሆናል። ለእያንዳንዱ ደንና ለእያንዳንዱ ዝርያ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጣል። በልኬቶች ሠንጠረዥ ውስጥ የሚጻፈው «ደን 7፣ ዝርያ 31፣ ውፍረት 42 ሴንቲ ሜትር» የሚል ብቻ ነው። የደን 7 ከፍታ በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይኖራል። በሠንጠረዦቹ መካከል ያለው ይህ ዝምድና ራሱ የመረጃው ክፍል ነው። ሲሻገርም አብሮ መሻገር አለበት፤ ሠንጠረዦቹ ደርሰው ዝምድናቸው ከቀረ፣ የደረሰው የቁጥር ክምር ነው።

መዝገቡና ቤቱ

ኮምፒዩተር ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛችን ሥርዓተ ክወና ከምንለው ውጭ፣ አይሠራም። በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ዋና ዋናዎቹ ዊንዶውስ፣ ማክ ኦኤስና ሊኑክስ ናቸው። ፕሮግራም የሚጻፈው ለአንዱ ወይም ለሌላው ሲሆን፣ ለአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ በቀጥታ አይሠራም።

የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ፋይልሜከር እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ብቻ ተሠርቶ፣ በ1992 ለዊንዶውስም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ መክፈት ይቻላል። የማይክሮሶፍት አክሰስ ደግሞ በዚያው በ1992 ለዊንዶውስ ወጥቶ፣ እስከ ዛሬ ለማክም ሆነ ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። የኦፕን ኦፊስ ቤዝ በ2005 ብቅ ሲል፣ ተተኪው ሊብሬ ኦፊስ ቤዝም ከእርሱ ቀጥሎ ሲመጣ፣ በሦስቱም ሥርዓቶች ላይ የሚሠራ ነፃ አማራጭ ተገኘ። ሆኖም ቤዝ ለረጅም ጊዜ መረጃውን በውስጡ ያስቀመጠው ጃቫ በሚፈልግ ሞተር በመሆኑ፣ ጃቫ ባልተጫነበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለው ፋይል ሠንጠረዦቹን አያሳይም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በጠረጴዛ ዳታቤዝ ውስጥ ሁለት ነገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አንደኛው መረጃው ነው፤ ሠንጠረዦቹና ዝምድናቸው። ሁለተኛው መረጃው የሚኖርበት ቤት ነው፤ የመሙያ ቅጾች፣ የሪፖርት ገጾች፣ በአዝራር የሚነሡ ትእዛዞች። በሊኑክስ ላይ የአክሰስን ሠንጠረዦች የሚያነቡ ነፃ መሣሪያዎች አሉ፤ ቅጾቹንና ትእዛዞቹን ግን አያመጡም። ሰው ቤት ሲቀይር እህሉን ይጭናል እንጂ ግድግዳውን አይጭንም። ስለዚህ እህሉን ከግድግዳው ጋር ለስኖ ያስቀመጠ፣ በመለያየት ቀን ይቸገራል።

ደብረ ታቦር ከኤቨረስት በላይ

መረጃ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በባይት ነው። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ባይት ያስፈልገዋል። የደብረ ታቦርን ከፍታ፣ 2706 ሜትርን፣ እንውሰድ። ይህ ቁጥር 10 ጊዜ 256 ሲደመር 146 ነው፤ ስለዚህ በሁለት ባይት «10፣ 146» ተብሎ ይጻፋል።

ነገር ግን ማን ይቅደም? በቀድሞዎቹ ማኪንቶሾች ውስጥ የነበሩት ፕሮሰሰሮች ትልቁን ክፍል ያስቀድሙ ነበር፤ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ትንሹን ያስቀድማሉ፤ «146፣ 10» ብለው። በአንዱ ልማድ የተጻፈውን በሌላው ልማድ ብናነበው፣ 146 ጊዜ 256 ሲደመር 10፣ ማለትም 37386 ሜትር ይሆናል። ደብረ ታቦር ከኤቨረስት ተራራ ከአራት እጥፍ በላይ ከፍ ብላ ሰማይ ላይ ትሰቀላለች። እንዲህ ያለው ስሕተት ቢያንስ ያስቃልና ይታወቃል። ማንም ሊያስተውለው የማይችለው ውጤቱ ለእውነት የቀረበ ሲሆን ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ኢንቴል ስለ ዞረ፣ ዛሬም የምንሠራባቸው ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ትንሹን ክፍል ስለሚያስቀድሙ፣ ይህ ችግር በዕለት ሥራ እምብዛም አያጋጥምም። መፍትሔው ግን ሊታወቅ ይገባዋል፤ ፋይሉ ራሱ «እኔ የተጻፍኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው» የሚል ቋሚ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ የማሽኑን ልማድ መከተል የለበትም። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ይህን ደንብ በትክክል የያዘ የፋይል ዓይነት አለ።

የፊደላችን ጉዳይ

ለእኛ ከቁጥር ይልቅ አስቸጋሪው ፊደል ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግእዝን ቅርጽ የሚያስቀምጥ ፎንት ይጠቀሙ ነበር። በኮምፒዩተሩ ልብ ውስጥ የተጻፈው የላቲን ፊደል ነው፤ ለዓይናችን የሚታየው «ደ» ነው። ፎንቱ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዚያ ላይ የአንዱ መጻፊያ አቀማመጥ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፎንት የተሞላ የቆየ መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው መጻፊያ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው በሕይወትና በሥራ ላይ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ይኖርበታል።

ዩኒኮድም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ታቦር» ሦስት ፊደል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የምዕራባውያን ፊደል ከቆጠረው፣ «ታቦር» ዘጠኝ ባዕድ ምልክቶች ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስ ላይ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ በኤክሴል ሲከፈት ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መደረግ ያለበት ምንም ሳያስቀምጡ ፋይሉን መዝጋት ነው። ከዚያም ጽሑፍ ማስገቢያ በሚለው ትእዛዝ በኩል ዩቲኤፍ 8ን መርጦ መክፈት ይገባል፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 65001 ነው። የተበላሸውን እንደታየ ያስቀመጠ ሰው፣ የዓይን ስሕተት የነበረውን የፋይል ስሕተት አደረገው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች ቦታን የሚቆጥሩት በፊደል ሳይሆን በባይት ነው። ከዲቤዝ ዘመን የመጣው የሠንጠረዥ ፋይል ዛሬም በካርታ ሥራ ውስጥ ይኖራል፤ ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ፋይል ዝርዝር መረጃውን የሚያስቀምጠው በእርሱ ነው። በዚህ ፋይል የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ በአማርኛ ሦስት ፊደል ብቻ ይበቃዋል። የአንድ ጽሑፍ ርዝመትም ከ254 ባይት ስለማያልፍ፣ 84 የግእዝ ፊደል ላይ ይቆረጣል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኑ የተጻፈው ማስታወሻ ከመካከሉ ሲጎድል፣ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ላያስጠነቅቅ ይችላል።

ከዚህ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ያላመጣው፣ የቋንቋችን የራሱ ጉዳይ አለ። አንዱ መዝጋቢ «ጽድ» ይላል፤ ሌላው «ፅድ» ይላል። ለአንባቢ አንድ ዛፍ ነው፤ ለዳታቤዝ ግን ሁለት ዝርያ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንዲሁ ናቸው። ዝርያዎችን ስንቆጥር ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያብጣል፤ ሕሙማንን በስም ስንፈልግ የተመዘገበው ሰው «የለም» ይባላል። መፍትሔው የሰውን አጻጻፍ ማረም አይደለም። የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ትቶ፣ በጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዓምድ ማኖር ነው። ለዛፎች ደግሞ ዋናው መለያ ቁጥርና ሳይንሳዊ ስም ይሁን፤ «ወይራ»፣ «ዝግባ»፣ «ዋንዛ» የሚሉት ስሞች አብረው ይጻፉ።

አሥራ ሦስተኛው ወር

ዳታቤዞች የሚያውቁት የቀን ዓይነት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የሚከተል ነው። «ጳጉሜን 3 ቀን 1997» ብለን 3/13/1997 ብንጽፍ፣ ፕሮግራሙ ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይም ቀንና ወሩን አገላብጦ ማርች 13 ያደርገዋል። «ጥቅምት 30»ም እንዲሁ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና።

ከዚህ የባሰው ግን ተቀባይነት የሚያገኘው ስሕተት ነው። አንድ ታካሚ ጥቅምት 1 ቀን ሕክምና ጀምሮ ኅዳር 1 ቀን ቢጨርስ፣ በእኛ አቆጣጠር የቆየው 30 ቀን ነው። ቀኖቹን 1/2 እና 1/3 ብለን ካስገባን፣ ፕሮግራሙ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ማርች 1 ቆጥሮ 28 ቀን ይላል፤ መስከረም 1 ጀምሮ ጥቅምት 1 ለጨረሰው ደግሞ 31 ቀን ይሰጠዋል። ሁለቱ ሰዎች እኩል ታክመው ሳለ፣ በመዝገቡ ግን የሦስት ቀን ልዩነት ተፈጠረ። ማንም ቢያየው ስሕተት አይመስለውም።

ወደ ጎርጎርዮስ መለወጡም በግምት የሚሠራ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሜይ 25 ቀን 2005 ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን በአብዛኛው ዓመት ዲሴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በ2000 ዓ.ም. ግን ዲሴምበር 13 ዋለ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረችና። ስለዚህ ልወጣው በታወቀ ስሌት፣ በፕሮግራም መሠራት አለበት።

ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ስንሻገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀናል። ፕሮግራሞች ቀንን የሚያስቀምጡት ከአንድ መነሻ ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ብዛት ነው፤ መነሻው ግን አንድ አይደለም። የዊንዶውሱ ኤክሴል ከ1900 ሲነሣ፣ የቀድሞዎቹ የማኪንቶሽ ኤክሴሎች ከ1904 ይነሡ ነበር። በሁለቱ መካከል 1462 ቀን አለ። ቁጥሩ ያለ መነሻው ከአንዱ ወደ ሌላው ቢገለበጥ፣ ሜይ 25 ቀን 2005 የገባ ታካሚ ሜይ 26 ቀን 2009 የገባ ይሆናል። ዩኒክስ ደግሞ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ቀላል ልማድ ነው። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ 2005-05-25 ብሎ መጻፍ፤ በጎኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ዋናውን ቀን እንደ ጽሑፍ ማኖር። ሁለቱ ካሉ ስሕተት ሲፈጠር አንዱ ሌላውን ያርማል። ሰዓትም ቢሆን «ከጧቱ 2 ሰዓት» የተባለው በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 08:00 መሆኑን መወሰንና በጽሑፍ ማስፈር ይገባል።

የሚሻገር ቅርጽ

እስካሁን የተዘረዘረው ችግር ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ መፍትሔውም አዲስ አይደለም። ዩኔስኮ ያዘጋጀው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ፕሮግራም በትላልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ማይክሮ ኮምፒዩተር፣ በኋላም ወደ ዊንዶውስ ተሻገረ። በነፃ ስለሚታደል በታዳጊ አገሮች በሰፊው ተሠራጭቷል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ በሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ አገልግሎትም ከተጠቀሙበት አንዱ ነበር። ፕሮግራሙ ሲለዋወጥ መዝገቡ ያልጠፋው፣ ከጅምሩ አይኤስኦ 2709 በተባለ ዓለም አቀፍ የመለዋወጫ ቅርጽ መረጃን ማስወጣትና ማስገባት ይችል ስለነበር ነው። ኮሀ የተባለው ነፃ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ዛሬም ይህን ቅርጽ ያነባል። ፕሮግራሙ አርጅቷል፤ መዝገቡ ግን መውጫ በር ነበረው።

በዘመናችን ለተማሪና ለአነስተኛ ቢሮ እንዲህ ያለውን በር የሚሰጠው ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመሩት ሲሆን፣ ሙሉው ዳታቤዝ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ቁጥርን የሚጽፈው ማሽኑ ምንም ዓይነት ቢሆን ትልቁን ክፍል በማስቀደም ነው፤ ስለዚህ ደብረ ታቦር 2706 ሜትር ላይ ትቆያለች። የፋይሉ አቀማመጥ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ከ2004 ጀምሮ የተጻፉ ፋይሎች ዛሬም ይከፈታሉ፤ አዘጋጆቹም እስከ 2050 ድረስ ድጋፉን ለማስቀጠል ማቀዳቸውን አስታውቀዋል። በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ስላለ፣ አንባቢያችን ሳያውቀው በኪሱ ይዞት ይዞራል። ሠንጠረዦቹን ለማየትና ለመሙላት ዲቢ ብራውዘር የሚባል ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ራሱን የቻለ የቀን ዓይነት ስለሌለው፣ ከላይ ያልነውን የቀን አጻጻፍ ተጠቃሚው ራሱ መጠበቅ አለበት። የሠንጠረዦችን ዝምድና የሚጠብቀው ደንብም በመደበኛው ዝግ ስለሆነ መከፈት ይኖርበታል። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኔትወርክ ለሚጽፉበት ሥራም የተመቸ አይደለም፤ ለዚያ የሰርቨር ዳታቤዝ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

በዚህ መሠረት የምርምር ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ለሚይዝ ባለሙያ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ መረጃውን ከቅጹ ይለይ። የሚወደው ፕሮግራም አክሰስም ይሁን ፋይልሜከር ወይም ቤዝ፣ ይጠቀምበት፤ ነገር ግን በየወሩ ሠንጠረዦቹን በሙሉ በዩቲኤፍ 8 ወደ ተራ ጽሑፍ ያስወጣ።

ሁለተኛ፣ አንድ ገጽ መግለጫ ይጻፍ። እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ፣ መለኪያው ሴንቲ ሜትር ይሁን ሜትር፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ባዶ ቦታ «አልተለካም» ይሁን «ዜሮ» ይግለጥ። መግለጫው ከፋይሉ ጋር አብሮ ይኑር።

ሦስተኛ፣ የፋይልና የዓምድ ስሞችን አጭርና አንድ ወጥ ያድርግ። በዊንዶውስ የላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል በፋይል ስም ላይ ልዩነት አያመጣም፤ በሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። የፎቶግራፍ ፋይል አድራሻም የዲስኩን ስም ይዞ ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ በሌላው ሥርዓት ላይ አይገኝም፤ የፋይሉ ስም ብቻ ይጻፍ።

አራተኛ፣ የሰው ገመና ይጠበቅ። የሕሙማን መዝገብ ሲሻገር ስምና አድራሻ በተለየ ፋይል፣ በቁልፍ ቃል ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ለትንተና የሚሄደው መለያ ቁጥር ብቻ ያለው ቅጂ ይሁን። በፍላሽ የተያዘ መረጃ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሊረሳ የሚችል መረጃ ነው።

አምስተኛ፣ ከመሻገሩ በፊትና በኋላ ይለካ። እኛ በፊዚክስ ትምህርት ክፍል የምንገኝ ሰዎች ይህን በሌላ ስም እናውቀዋለን። ሁለት ነገሮች ሲጋጩ በመካከል የሆነውን ሁሉ ማየት ባንችልም፣ ሊጠበቅ የሚገባው መጠን በፊትና በኋላ እኩል መሆኑን እንፈትሻለን። በመረጃም እንዲሁ ነው። የረድፎቹ ብዛት ስንት ነበር? የግንድ ውፍረት ዓምድ ድምር ስንት ነበር? የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን የትኞቹ ነበሩ? በደኖች ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለ የደን ቁጥር የያዘ ልኬት አለን? «ደብረ ታቦር» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ይገኛል? እነዚህ አምስት ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ። ፋይሉ ወደ ሌላው ሥርዓት ተሻግሮ እዚያ እንደገና ይቆጠሩ፤ ከዚያም ፋይሉ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ለሦስተኛ ጊዜ ይቆጠሩ። ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ሥራው አላለቀም።

ይህ ፈተና ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ሥርዓት ያለው አንድ ተጨማሪ ኮምፒዩተርና የሚጠራጠር ሰው ነው።

በአገራችን መረጃ በርካሽ አይገኝም። በጉና ተዳፋት ዛፍ ለመለካት በእግር የሚወጣ ተማሪ፣ በሌሊት ሻማ አብርቶ የታካሚውን ዕድሜ የሚመዘግብ ነርስ ሁለቱም በአንድ ረድፍ ውስጥ የሚያስቀምጡት ዳግመኛ የማይገኝ ነገር ነው። ያ ደን ነገ እንደ ዛሬው ላይሆን ይችላል፤ ያ ታካሚም ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። የዛሬ አሥር ዓመት መዝገቡን የሚከፍተው ሰው በምን ዓይነት ማሽን እንደሚከፍተው አናውቅም፤ እኛ የምንችለው ማንኛውም ማሽን ሊያነበው በሚችል ቅርጽ፣ ከነትርጉሙ ጽፈን መተው ነው።